የግራው ክንፍ ፒን

አውሮፕላኑ የቆመው በእስራኤሏ ያቭነ ከተማ፣ ከአንድ ቤት ጀርባ ባለ ረጅም መጋዘን ነበር። ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ አውሮፕላን ነው። የሠሩት ሰውዬ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ነበሩ፤ ሳይጨርሱት ሞቱ። ሁለቱም ክንፎቹ እንደተገጠሙ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ ቀረ። ክንፎቹ ካልወረዱ ደግሞ በመጋዘኑ በር መውጣት አይችልም።

ሚስትየው ከሮማንያ የመጡ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ቤት የሚሞላ አሮጊት ናቸው። ቤቱን ለቀው ሐይፋ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነበር። በነፃ የሚሰጥ አውሮፕላን አለ ሲባል ሰምቼ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የመጋዘኑን መብራት አበሩና በሩ ላይ ቆመው በዕብራይስጥ፣

«እንዳለ የሚወስደው ሰው ካገኘሁ ስጦታዬ ነው» አሉኝ። «ካልሆነ ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስበው ሰውዬ ይመጣል። በመጋዝ ቆራርጬ እወስደዋለሁ ብሎኛል። ከአዲስ ዓመት በዓላቱ በፊት ቤቱን ማስረከብ አለብኝ።»

«ለምን ሳይጨርሱት ቀሩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሰለቸዋ!» አሉ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው። «መጨረሻ ላይ እዚህ ገብቶ ይቀመጥ ነበር እንጂ የሠራው ነገር የለም።»

እኔ በውትድርና ዘመኔ አውሮፕላን ጠጋኝ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ቤኤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን መጠገን ሆነ። ሥራዬን አልጠላውም። ነገር ግን የጠገነው ነገር ከመሬት ተነሥቶ ሲሄድ ማየት የለመደ ሰው፣ ባልዲ የሚተፋ ማሽን አጠገብ ቆሞ ልቡ አይሞላም። ስለዚህ ከምኖርበት ከገዴራ አጠገብ፣ ሞሻቭ በሚሉት የገበሬዎች መንደር፣ አንድ ባዶ የዶሮ ቤት ተከራየሁ። ኩሱን ጠርጌ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብቼ፣ የምሠራው አውሮፕላን እስካገኝ እጠብቅ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2018 ነው። አሮጊቷ መብራቱን ሲያበሩና ያ ብርማ ክንፍ ብልጭ ሲል፣ ይህ አውሮፕላን በመጋዝ አይነካም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

የቀኙ ክንፍ በመጀመሪያው ቀን ወረደ። እያንዳንዱ ክንፍ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በሁለት ፒን ነው። ፒኑ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ውስጡ ቀዳዳ የሆነ የብረት ዘንግ ነው። ከክንፉ በወጡ የአሉሚኒየም ጆሮዎች ውስጥ ያልፍና ክንፉን ይይዛል። የቀኞቹ በመዶሻ እጀታ ገፋ ሳደርጋቸው ወጡ። የግራው የላይኛውም እሺ አለ። የግራው የታችኛው ግን አልነቃነቅ አለ።

ቀረብ ብዬ በባትሪ አየሁት። በፒኑና በጆሮው መካከል ነጭ ዱቄት ጠጥሯል። ሰውየው ፒኑን ሲከቱት ቅባት አልቀቡትም ነበር፤ ከባሕር የሚመጣው ጨዋማ አየር ደግሞ ሁለቱን ብረቶች አበላልቷቸዋል። ጆሮው ከዋናው የክንፍ አጥንት ጋር በሪቬት፣ ጫፉ በሚጨፈለቅ ምስማር፣ የተመታ ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ክንፉ አይበርም፤ ክንፉ ካልበረረ አውሮፕላኑም አውሮፕላን አይደለም።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጣሁት። በነሐስ መዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁት። ምንም የለም።

ዓርብ ማታ ቂርያት ማላኪ፣ እናትና አባቴ ቤት ለሻባት፣ ማለትም ለሰንበት፣ ራት ተቀምጠን ነገሩን አወራሁ። አባቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

አባቴ ጎንደር ሳሉ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠሩ ነበር። ቀን ማረሻቸውን ያሠሩ ጎረቤቶች፣ ሲመሽ ቡዳ ነው ብለው ልጆቻቸውን ከአባቴ ዓይን ይሸሽጉ ነበር፤ የእኛ የአይሁዶች ኑሮ እንደዚያ ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን ብረት አልነኩም። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲጭኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

«እሳት አሳይተሽዋል?» አሉኝ።

«እሳት አይሆንም አባ።»

«ብረት ተያይዞ እንቢ ሲል እሳት ነው መላው። ሻባት ይውጣና እሑድ እንሂድ።»

እሑድ ከሥራ መልስ ወሰድኳቸው። አውሮፕላኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። በክንፉ ላይ መዳፋቸውን አሳለፉ። ከዚያ ፒኑ ዘንድ ተንበርክከው፣

«ይህማ ቀላል ነው» አሉ። «የጋዝ እሳት አምጪ፤ ጆሮው ቀላ እስኪል ድረስ።»

«አባ፣ ጆሮው ብረት አይደለም፤ አሉሚኒየም ነው። ሳይቀላ ነው ጥንካሬው የሚሞተው። ተበላሽቶም ደህና ይመስላል፤ የሚታወቀው ሰማይ ላይ ክንፉ ሲሰበር ነው።»

«እኔ ብረት አላውቅም ማለትሽ ነው?»

«ብረት ያውቃሉ። ይህን ግን አያውቁትም።»

አነጋገሬ ከሐሳቤ ይልቅ ሸካራ ሆነ። አባቴ ተነሡ፤ ጉልበታቸውን አራገፉ፤ መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ይቅርታ ሳልጠይቅ ቂርያት ማላኪ አደረስኳቸው። በጆሮው ነገር ማንንም ላስደስት ብዬ የምለሳለስበት ቦታ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ፋብሪካው ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ ፒን መጎተቻ ሠራሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የፒኑ ውስጥ ቀዳዳ ስለሆነ ጥርስ ያለው ዘንግ ከዳር እስከ ዳር ይገባል። በስተኋላ ፒኑን የሚገፋ ሮንዴላ የሚሉት ወፍራም የብረት ቀለበት ይታሰራል። በፊት በኩል ፒኑ ሲወጣ የሚገባበት ቧንቧ ይደገፋል፤ ከዚያ በዘንጉ ጥርስ ላይ የሚዞረው ዳዶ ሲጠብቅ ፒኑ ሳይመታ ይጎተታል። ማታውን ያቭነ ሄጄ ገጠምኩት። ዳዶውን በብሎን ቁልፍ ጠበቅ፣ ጠበቅ፣ አሁንም ጠበቅ አደረግሁት። ቁልፉ ድንገት ላላልኝ። ወጣ! ብዬ ጮህኩ። ሳየው የላላው ፒኑ አልነበረም፤ የዘንጉ ጥርስ ተልጦ ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አሮጊቷ ጩኸቴን ሰምተው ሻይ ይዘው መጡ።

«ብረት ሰብሳቢው ደውሎ ነበር» አሉኝ። «በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ይመጣል። አዝናለሁ፤ አንቺ ልፊ እንጂ እኔ ቀን የለኝም።»

«እስከ እሑድ ይወጣል» አልኳቸው።

«በምን?»

«እስካሁን አላውቅም። ግን ይወጣል።»

ሻዩን ጠጥቼ ስጨርስ ሐሳቤ አባቴ ጋ ተመለሰ። የአባቴ መላ ሙቀት ነው። ሙቀት ደግሞ ትክክል ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት የበለጠ ይሰፋል፤ ጆሮው ቢሰፋ ፒኑን ይለቃል። ችግሩ መጠኑ ብቻ ነው። ጆሮውን የማይጎዳ፣ ብሞክር እንኳ ከልክ የማላሳልፈው ሙቀት ያስፈልገኛል። የፈላ ውኃ! ውኃ ቢፈላ ቢፈላ ከመቶ ዲግሪ አያልፍም። ከውጭ ጆሮውን በፈላ ውኃ ባሞቀው፣ ከውስጥ ደግሞ ፒኑን ባቀዘቅዘው፣ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ይጠባል።

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ አባቴ ዘንድ ደወልኩ።

«አባ፣ ሙቀት ያሉት ልክ ነው። በእሳት ሳይሆን በፈላ ውኃ እናድርገው። ብቻዬን ግን አልችልም፤ እያፈሰስኩ መጎተት አልችልም።»

«በፈላ ውኃ ብረት ሲላቀቅ አላየሁም» አሉ።

«እኔም አላየሁም።»

«መቼ ነው?»

«ዓርብ ጠዋት።»

«ቤሰደር፤ እሺ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሌላ ዘንግ ሠራሁ፤ ከጠንካራ ብረት፣ ቀዳዳው የቻለውን ያህል ወፍራም። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በላስቲክ ጠቅልዬ በእናቴ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከሥጋው በላይ አጋደምኩት። እናቴ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ቆመች።

«ይህን ደግሞ ማን ይበላዋል?»

«እንዲቀዘቅዝ ነው እማ። ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ።»

«ዶሮዬን የማሽን ዘይት ዘይት እንዳታሰኚብኝ!»

«ዘይት የለውም። ይልቅ የሻባት ውኃ ማፍያሽን አውሺኝ።»

«ለብረቱ?»

«ለብረቱ።»

እናቴ፣ በሻባት እሳት ስለማይለኮስ፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ የምትሰካው፣ የሻይ ውኃ እንደሞቀ የሚያሳድር ትልቅ የውኃ ማፍያ ነበራት። ከሰዓት በኋላ ካልመለስሽልኝ ወዮልሽ ብላ ሰጠችኝ። አሮጊቷም የራሳቸውን አወጡ። ዓርብ ጠዋት ሁለቱም ማፍያዎች ክንፉ ሥር፣ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ቆመው ይንተከተኩ ነበር። ዘንጉ በረዶ በሞላበት ሳጥን ውስጥ ነው። የጆሮውን ዙሪያ በአሮጌ ፎጣ ጠመጠምነው።

አባቴ ውኃውን በማንቆርቆሪያ እየቀዱ ፎጣው ላይ ያፈስሱ ጀመር። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። እኔ የተፈጨ በረዶ በእንጨት እየጠቀጠቅሁ በፒኑ ቀዳዳ ውስጥ ሞላሁ። ጆሮው እጅ የማያስነካ ሲሆን በረዶውን አውጥቼ ቀዝቃዛውን ዘንግ ከተትኩ፤ ሮንዴላውንና ዳዶውን አስገብቼ ጎተትኩ። አልሆነም።

«እንደገና» አልኩ።

እንደገና አፈሰሱ። እንደገና ሞላሁ፤ እንደገና ጎተትኩ። እንቢ አለ። ውኃው አልቆ አሮጊቷ እስኪሞሉትና እስኪፈላ ቆመን ጠበቅን። አባቴ ጣታቸውን ውኃ አቃጥሏቸው ነበር፤ ቀዝቃዛ ውኃ ያድርጉበት ስላቸው በእጃቸው ተዪኝ አሉ።

በሦስተኛው ላይ ዳዶው ጠብቆ አልዞር ሲል አባቴ፣

«አሁን ያዢው፤ አትልቀቂው። እየጎተትሽ እያለ እኔ በስተኋላ ልንካው» አሉ።

«ጆሮው እንዳይሰነጠቅ አባ።»

«አንቺው ነሽ ያልሽኝ፤ ይህን አላውቀውም። ስለዚህ ምን ያህል እንደምመታ አንቺ ንገሪኝ።»

የነሐሱን መዶሻ ሰጠኋቸው። «እንቁላል ቀስ ብሎ እንደሚሰብር ሰው» አልኳቸው።

ቲክ። ቲክ። ቲክ። መቼም እንደዚያ ያለ ቀጥ ያለ ምት አላየሁም። ድምፁ አንድ ዓይነት፣ ቦታው አንድ፣ ጉልበቱ አንድ። እኔ ቁልፉን በሙሉ ክብደቴ ይዣለሁ። ከዚያ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ቀጭ! አለ።

ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። ጆሮው የተሰበረ መሰለኝ። ፎጣውን ገፍፌ በባትሪ አየሁ። ጆሮው ደህና ነው። የተሰበረው ያ የጠጠረ ነጭ ዱቄት ነበር፤ ፒኑ የጥፍር ውፍረት ያህል ወጥቷል።

«ወጥቷል!» አልኩ።

«ያላ፣ ቶሎ፣ ሳይቀዘቅዝ!» አሉ አባቴ፤ ማንቆርቆሪያውን አንስተው ነበር።

ከዚያ በኋላም ዝም ብሎ አልወጣም። የመንገዱ እኩሌታ ላይ እንደገና ያዘ፤ እንደገና አፈሰስን። በመጨረሻ ግን ዳዶው በጣት የሚዞር ሆነና ፒኑ ከነዘንጉ እጄ ላይ መጣ። አባቴ ያንን ግራጫ፣ ዘይት የጠጣ ቁራጭ ተቀብለው በፎጣ ጠረጉት። የኋላውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዞሩ።

«ይህን አንቺ ነሽ የመታሽው?»

የፒኑ ጫፍ ላይ ብዙ ያረጁ፣ ውስጣቸው የዛገ ጥቃቅን ጎድጓዳ ምልክቶች ነበሩ። የእኔ አልነበሩም። ክንፉ ሥር መሬቱን ሳየው፣ ሥራ ላይ ሆኜ ያላስተዋልኩት፣ ኮንክሪቱ ጠጥቶ ያስቀረው አሮጌ የዘይት እድፍ አለ። ሰውየው ለረጅም ጊዜ እዚህ ቦታ ሲታገሉ ነበር።

ፒኑን ለአሮጊቷ ሰጥቼ ምልክቶቹን አሳየኋቸው። «አልሰለቻቸውም ነበር» አልኳቸው። «ይህ ነው የያዛቸው።»

አሮጊቷ ፒኑን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጣታቸውን በጎድጓዶቹ ላይ አመላለሱ። ያ ቤት የሚሞላ ድምፃቸው ጠፋ።

«ምነው በነገረኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ማንቆርቆሪያ መያዝ ያቅተኝ ነበር?»

አባቴ ወንበር አምጥተው አስቀመጧቸው። ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸው ተነሡና የክንፉን ጫፍ ያዙ። ተቀመጡ ብንላቸው አልሰሙንም። እኔና አባቴ ከባዱን ወገን፣ እሳቸው ጫፉን ይዘን፣ የግራውን ክንፍ አውጥተን መኪናዬ ኋላ ባሰርኩት ተጎታች ጋሪ ላይ፣ ከቀኙ አጠገብ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛነው። አካሉን እሑድ በማለዳ ልወስድ ቀጠሮ ያዝን። ለብረት ሰብሳቢው አትምጣ ብለው ስልክ የደወሉት አሮጊቷ ናቸው፤ የሮማንያ ይሁን የዕብራይስጥ ባላውቅም ስድብም ጨመሩበት መሰለኝ።

ከያቭነ ወደ ገዴራ ስንወጣ ቀትር አልፎ ነበር። የእናቴ ማፍያ በአባቴ እግሮች መካከል፣ ክንፎቹ ከኋላችን ናቸው። ቀስ ብዬ ስለምነዳ መኪኖች እየቀደሙን ጡሩንባ ይነፉ ነበር። መገንጠያው ላይ ለሻባት ወደ ቤቷ የምትሄድ አንዲት ወታደር ሊፍት ለመለመን ጣቷን ዘርግታ ነበር፤ የጫንነውን ስታይ ግን እጇን አውርዳ ሳቀች። አባቴ መስኮቱን ከፈቱ።

«ክንፍ እንጂ መቀመጫ የለንም!» አሏት በአማርኛ።

ልጅቷ የእኛ ልጅ ነበረች። «አባ፣ ክንፉም ይበቃኛል!» ብላ መለሰችላቸው።

ከዶሮ ቤቱ ስንደርስ ክንፎቹን አውርደን ግድግዳው ዳር አቆምናቸው። የግራውን ጆሮ ቀዳዳ በማጉያ መነፅር አየሁት። ትንሽ ተቧጭሯል፤ ስንጥቅ ግን የለበትም። ቀለል ያለ መሞረድ፣ አዲስ ፒንና ብዙ ቅባት ይበቃዋል። ለአባቴም መነፅሩን ሰጠኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩና፣

«ሞረዱ የት ነው ያለው?» አሉ።

«ዛሬ አይሆንም አባ፤ ሻባት ሊገባ ነው። እማ ማፍያዋን እየጠበቀች ነው።»

«እንግዲያው እሑድ ከሥራ ስትወጪ በቤታችን በኩል እለፊና ውሰጂኝ» አሉ፤ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ሄዱ።