ከሊፋ ደብተሩን ሲገልጥ

ዙሌይኻ አሰብ ውስጥ ቤቷ በረንዳ ላይ ዓረብኛ ታስተምር ነበር። በደርግ ዘመን የዓረብኛ መጽሐፍ ስላልነበራት፣ ተማሪዎቿን የምታስነብበው ጅዳ የሸሹ ዘመዶቻቸው በድብቅ የሚልኩትን ደብዳቤ ነው። ቢታወቅ ሁሉንም ያሳስራል።

አንድ ሰኞ ከሊፋ የሚባል ነጋዴ ሊማር መጣ።

«ከወሎ ነኝ። ቁርኣን ቤት እንኳ ረግጬ አላውቅም፤ አንድ ፊደል አልለይም» አላት።

እንደ ልማዷ አዲስ ደብተር ሰጠችው። ጀማሪ ሁሉ እንደ አማርኛው ከግራ ይገልጣል፤ እሷም ስቃ ታዞርለታለች። ከሊፋ ግን ሳያስብ እንደ ዓረብኛው ከኋላው ገለጠና እስክሪብቶውን ቀኝ ጠርዝ ላይ አሳረፈ።

የዙሌይኻ ሳቅ አፏ ላይ ደረቀ። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ጎረቤቷ ሁሪያ የወንድሟን ደብዳቤ ልታወጣ እጇን ጉያዋ ከታለች።

«ዛሬ ቁጥር ነው!» አለች ዙሌይኻ ቶሎ ብላ።

«ምነው እትዬ፣ ቁጥርማ ጨርሰን የለ?»

«ረስታችሁታል። እጅሽን አውጪና ቁጠሪ!»

ሁሪያ እያጉረመረመች ቆጠረች። ከሊፋም አንዱን ከሌላው እያምታታ፣ ፈገግ እያለ ተከተላት።

ትምህርቱ ሲያበቃ ጫማውን እያጠለቀ፣ «እትዬ፣ ደብዳቤውን ለነገ አቆያችሁት?» አላት በትህትና።

«የምን ደብዳቤ?» አለች። እሱ ከመጣ ወዲህ ስለ ደብዳቤ ማንም ትንፍሽ አላለም ነበር።