በሁዳዴ የወፈርኩበት ዓመት

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ልጄን ለዳግም ትንሣኤ ልንድር ቀን ቆረጥን። መካኒሳ ያሉትን ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ከፋሲካ በኋላ ሰው ስለሚሻማባቸው፣ እኔና የባሌ ታላቅ እህት ጾሙ ሳይገባ ሄደን ለሠርጉ ቀሚስ ተለካን። ሃምሳ አምስት ቀን ስጾም ቀጠን ብዬ ቀሚሱ እንዳይሰፋኝ ነበር የምሰጋው። ሞኝነቴ!

የወር አበባዬ ከቆመ ዓመት አልፎት ነበር። ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጾሙ በገባ በአራተኛው ሳምንት ግን የጉርድ ቀሚሴ ቁልፍ አልገጥም አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ እውላለሁ፤ ሆዴ በራሱ ፈቃድ ያድጋል። ክንዴና ባቴ ከስተው፣ ዳሌዬ እንኳ ሟሙቶ፣ ስቡ ሁሉ ወገቤ ላይ ሰፈረ።

አንድ እሑድ የባሌ እህት መጥተው ከላይ እስከ ታች ቃኙኝና፣ "ዘንድሮ ጾሙ ተስማምቶሻል" አሉ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው የድስቶቹን ክዳን እየገለጡ ያሸቱ ጀመር። ቅቤ ፍለጋ መሆኑ ነው። ያገኙት ሽሮ ብቻ ነበር። ባሌም አንገቱን አስግጎ ድስቶቹን ያይ ጀመር፤ ይህ ከእህቱ አሽሙር ይልቅ አንገበገበኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሮኝ ጾሞ፣ በአንድ ሆድ ተጠራጠረኝ!

በማግስቱ ላፍቶ ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ልጄን ታክላለች።

"ምን በልቼ ነው እንዲህ የሆንኩት?" አልኳት።

"ሴት ስታርጥ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል" አለች። "ድሮ ስቡን ወደ ዳሌና ጭን የሚልከው እሱ ነበር። አሁን ወደ ሆድ ይሄዳል። ጡንቻም በዕድሜ ስለሚቀንስ ሰውነትዎ እንደ ድሮው ምግብ አያቃጥልም። ለመሆኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ምን ይበላሉ?"

"ምን እበላለሁ! ዳቦ በሻይ፣ ድንች፣ ሽሮ፣ ፓስታ..." ዝርዝሩ እየረዘመ ሲሄድ ራሴው አፈርኩ።

ስኳር እንድቀንስና በእግሬ እንድሄድ መከረችኝ።

"እሺ። አሁን 'ይህች ሴት ጾም አልገደፈችም' ብለሽ ጻፊና ማኅተም አድርጊልኝ" አልኳት። የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁ፣ ማኅተም ከሌለው ማን ያምነኛል?

"ለእሱ ማኅተም የለንም" አለች እየሳቀች።

ለባሌ በአፌ ነገርኩት። "እንዲህም አለ እንዴ?" አለና ጋዜጣውን ገለጠ።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ከባሌ እህት ጋር ቀሚሳችንን ልንረከብ ሄድን። የእኔው ወገቤ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ወይ ፍንክች። እንባዬ መጣ። በልጄ ሠርግ ጋቢ ተከናንቤ ጥግ ልቀመጥ ነው?

"ብዬ ነበር" አሉ የባሌ እህት።

ሽማግሌው ቀሚሱን ወስደው ገለበጡና በግራም በቀኝም ስፌቱ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ አሳዩኝ።

"አራት ጣት አስቀርቻለሁ፤ አሁን እለቀዋለሁ" አሉ። "ሃምሳ ላለፈች ሴት ሁሉ አስቀራለሁ። ጾመችም አልጾመችም ሆድ ይመጣል። የእኔም ባለቤት ጾመኛ ናት።"

ባሌ ያልሰጠኝን እምነት እኚህ ሰው ከጾሙ በፊት ቀሚሴ ውስጥ ሰፍተውልኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው የምር ያለቀስኩት።

የባሌ እህት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለእኔስ ስንት ጣት አስቀሩልኝ?"

"ስድስት" አሉ ሽማግሌው።