ሁሩሙ ኬላ ላይ አንድ ጉንጭ

ስለ ሥራዬ የሚጠይቁኝ ሰዎች «ለምን መርዝ?» ብለው ይጀምራሉ። የማጠናው ሞለኪውሎች ማንም ሳያስገድዳቸው ተገጣጥመው ሣጥን የሚሠሩበትን ኬሚስትሪ ነው። ሣጥኑ ውስጥ መድኃኒትም፣ ሽቶም ማስገባት ይቻላል። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት መርዝን ለይቶ የሚይዝ ሣጥን በመሥራት ነው። ስብሰባ ላይ ሲጠይቁኝ ለአደባባይ የሚሆን መልስ እሰጣለሁ። እውነተኛው መልስ ከሁሩሙ ኬላ ይጀምራል።

ወላጆቼ ከከምባታ መጥተው መቱ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። አባቴ ቀድሞ ሞተ፤ ሱቁም፣ የስፌት መኪናውም፣ እኔም ለእናቴ ቀረን። እናቴ ጴንጤ ናት፣ ያውም የጸናች። ዝምተኛም ናት። እኔ ቱግ ባይ ነኝ፤ ከደንበኛ ጋር በአማርኛም በኦሮምኛም የምጨቃጨቀው እኔ ነበርኩ።

አዲስ አበባ ለዶክትሬቴ ስማር ሣጥኔን ሠራሁ፤ ወይም የሠራሁ መሰለኝ። በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። መኖሩን ለማሳመን ክሪስታል ማሳደግና ክሪስታሉን ውጭ አገር ልኮ በኤክስሬይ ማስነሳት ነበረብኝ። ክሪስታል ደግሞ ሲበዛ ቅምጥል ነው፤ ከነቀነቁት ወይም ሙቀቱ ከተለዋወጠበት አያድግም። ከላቦራቶሪያችን ጎን ሕንፃ ይሠራ ነበር፤ መብራቱም ይሄዳል ይመጣል። ዓመታት ለፍቼ ያገኘሁት ጠርሙስ ሥር የተኛ ዱቄት ብቻ ነበር። በመጨረሻ አማካሪዬ «እስከ ጥቅምት ክሪስታል ካላመጣሽ ርዕስ ትቀይሪያለሽ» አሉኝ። ርዕስ መቀየር ማለት እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ ለዚያ የሚሆን አቅምም የትምህርት ድጎማም አልነበረኝም።

ተናድጄ ጠርሙሶቼን ጠቅልዬ ክረምቱን መቱ ገባሁ። እናቴ ምን እንደሚያስፈልገኝ ጠየቀችኝ።

«የማይሞቅ፣ የማይበርድ፣ የማይነቃነቅ ቦታ» አልኳት።

ጓዳ ወስዳ የጨርቅ ጣቃ ክምሯን አሳየችኝ። ጠርሙሶቹን በጣቃዎቹ መሃል ቀበርናቸው። በማግሥቱ የስፌት መኪናዋን እየጎተተች ወደ በረንዳ ስታወጣ አየኋት፤ የፔዳሉ ንቅናቄ ጓዳ እንዳይደርስ ብላ ነው። የመቱ ዝናብ መቼም የታወቀ ነው። ክረምቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ላስቲክ ወጥራ፣ ጋቢ ደርባ ሰፋች።

መስከረም ሲጠባ በአንደኛው ጠርሙስ ውስጥ ክሪስታሎች ተገኙ። የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ሰማያዊ፣ ጠርዛቸው እንደተሞረደ ጥርት ያሉ ነበሩ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የተቀሩት ጠርሙሶች ውስጥ ምንም አልነበረም። እናቴም የስፌት መኪናዋን ወደ ቤት መለሰች። ወደ ውጭ የምትበር አንዲት ጓደኛዬ በማግሥቱ አዲስ አበባ ከደረስኩላት ይዛልኝ ልትሄድ ተስማማች።

ክሪስታሎቹ የተኙበት ፈሳሽ ሜታኖል ነው። ሜታኖል የአረቄ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ክሪስታሉ በበኩሉ ከፈሳሹ ከወጣ ይፈራርሳል። ለእናቴ ይህን ሁሉ አላብራራሁላትም። «እንዳይከፈት፣ እንዳይደፋ» ብቻ ነው ያልኳት። እሷም «ይህ መንገድ ጠርሙስ ይሰብራል፤ ጭን ላይ ይሻላል» ብላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ እስከ በደሌ ልትሸኘኝ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች።

ጊዜው ጥሩ አልነበረም። መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ነው። ሁሩሙን ስንወጣ ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ ሁላችንንም አስወርደው መፈተሽ ጀመሩ። የገበያ ቀን ስለነበረ ከፊታችን የማር ጀሪካን የያዘ ሰውዬ ነበር፤ ክዳኑን አስከፍተው አስቀመሱት። የኬላ ወግ ነው፤ ፈሳሽ የያዘ ሰው ራሱ ይቀምሳል፣ ቤንዚን ወይም አሲድ አለመሆኑ በዚያ ይታወቃል። ሰውዬው ጣቱን እየላሰ «ለእናንተም ላቅምሳችሁ?» ሲል ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ጠርሙሱን ከእናቴ ተቀብዬ ከጨርቁ ፈታሁት።

«ኩን ማሊ?» አለኝ ጠባቂው፣ ምንድን ነው ይሄ ማለቱ ነው። ጎረምሳ ነው፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ከብዶታል።

የትምህርት ሥራ መሆኑን በኦሮምኛ ነገርኩት፤ መታወቂያዬን አሳየሁት። ክዳኑን ፈትቶ በእጁ ያዘና ጠርሙሱን አሸተተ። ሰማያዊነቱ አልጣመውም።

«ቅመሺው፣ እህቴ።»

«አይቀመስም። የላቦራቶሪ ዕቃ ነው።»

«ካልቀመስሽው ድፊው። ሰው ቆሟል።»

ደሜ ፈላ፤ ቢሆንም ለጠመንጃ ቱግ አይባልም። መርዝ ነው ብል ጠርሙሱም እኔም እዚያው እንቀራለን። ብደፋው ያ ሁሉ ዓመት፣ የእናቴም ክረምት፣ አፈር ላይ ይቀራል። ሂሳብ መሥራት ጀመርኩ፤ ከንፈሬን ባስነካውስ? ትንሽ ብውጥ አይገድለኝ ይሆናል። ጠርሙሱን ይዤ ቀስ እያልኩ ወደ አፌ አነሳሁት።

እናቴ ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳይገባኝ አንድ ጉንጭ ሙሉ ተጎነጨች። ልትደግም ስታነሳ ጮኼ እጇን መታሁት፤ ፈሳሹ ቀሚሴ ላይና አቧራው ላይ ተደፋ፣ ባዶው ጠርሙስ እጄ ላይ ቀረ።

ጠባቂው «ይኸው፣ እማማ ጎበዝ ናቸው። እለፉ!» ብሎ ሳቀ።

«መርዝ ነው!» አልኩት። «መርዝ ነው ያጠጣሃት!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ባጃጅ አስቁሞ ከእኛ ጋር ዘሎ ገባ። የሚኒባሱ ሹፌር ከኋላ «እህቴ፣ ልጠብቅሽ ወይስ ልሂድ?» እያለ ይጮሃል። ባጃጁ ተነሣ፤ እሱም ሄደ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለን ጤና መኮንን ነገሩ ሲገባው ጊዜ አላባከነም። ማርከሻው እሱ ጋ የለም፤ ወደ መቱ ሆስፒታል የሚወስደን አምቡላንስ ደግሞ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል።

«እስኪመጣ አረቄ እንስጣቸው» አለኝ ድምፁን ቀንሶ፤ ስትጸልይ ሰምቶ ጴንጤ መሆኗ ገብቶታል።

ነገሩ የእኔው ትምህርት ነበር። ጉበት ውስጥ ሜታኖልን ወደ መርዝ የሚለውጥ ኢንዛይም አለ፣ እሱም ኪስ አለው። አረቄ ቀድሞ ያን ኪስ ከያዘው ሜታኖሉ ደጅ ይቀራል፣ ሳይለወጥም ቀስ በቀስ ከሰውነት ይወጣል። ይህን በሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬዋለሁ። በእናቴ ጉበት ላይ ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እናቴ አሻፈረኝ አለች።

«ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ። አረቄ አፌ አይገባም።»

«ዓይንሽ ይጠፋል እኮ! አትሰሚም? ምን ሆነሽ ጠጣሽው? ውሃ መሰለሽ?» እየጮህኩባት ነበር። ፈርቼ ነው፤ ስፈራ እጮሃለሁ።

ጠባቂው ሮጦ ሄዶ በፕላስቲክ ጠርሙስ አረቄ ገዝቶ መጣ። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አልጋዋ አጠገብ ተንበረከከ።

«ዲፋማ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ እኔ ምን እሆናለሁ?»

ትክ ብላ አየችው። «እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«በል አምጣው» አለች። ዓይኗን ጨፍና ጸልያ፣ ጤና መኮንኑ ለክቶ የሰጣትን ፊቷን አጨማድዳ ጠጣችው።

አምቡላንሱ ሲመጣ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አየሁት። ክሪስታሎቹ ብርጭቆው ላይ እንደተለጠፉ ደርቀው፣ ሰማያዊነታቸው ጠፍቶ የኖራ ብናኝ መስለዋል። ልፋቴን ውሃ በላው። የደፋሁት እኔው ነኝ፤ ዛሬም ቢሆን እደፋዋለሁ። ያን ሰዓት ግን ቆጨኝ፣ ይህንንም አልክድም።

መቱ ሆስፒታል ሐኪሞቹ ተቀበሏት፤ ሕክምናው ቀጠለ። ዓይን ከተነካ ቆይቶ ነው የሚታወቀው አሉኝ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አላውቅበትም። ጣቴን እያሳየሁ ስንት ነው እያልኩ ሳሰለቻት «የእኔን ዓይን በጣት አትለኪው፤ መርፌና ክር አምጪ» አለችኝ። ከሱቅ አመጣሁላት። ክሩን በምራቋ አርጥባ ወደ መስኮቱ ዞረች። አንዴ ሳተች። ደግማ ሞከረች፤ ክሩ ገባ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍቼ ተንሰቀሰቅሁ። እሷ ክሩን እየቋጠረች «ዕቃሽስ?» አለችኝ።

«ተበላሸ፣ እማዬ። ደርቆ ዱቄት ሆነ።»

«ታዲያ ለምን ደፋሽው? እኔ ጠጥቼው የለ?» ተቆጣችኝ፤ እናቴ ስትቆጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ምን እንደሆነ አታውቂማ! ውሃ መስሎሽ ነው እንጂ...»

«ውሃ ቢሆን ያንቺ እጅ ለምን ይንቀጠቀጥ ነበር?» አለችኝ። «እጅሽን አይቼ ነው የቀማሁሽ።»

እሷ መርፌውን ነጠላዋ ላይ ሰክታ ጋደም አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

«በይ፣ ቤት እንደገባን የስፌት መኪናዬን ወደ በረንዳ መልሰሽ አውጪልኝ።»