ባዶ ቦታ ላይ የተዘረጋው ክንድ

በቤተ ሙከራው ሁሉም «መርፌ» ነው የሚላት። ቀጭን ሆና አይደለም፤ እንዲያውም ደልደል ያለች የአርባ ዓመት ሴት ናት። ዓይኗ ጥቃቅን ነገር ስለማይስት ነው። ሥራዋ በኤክስሬይ ከተነሣ የፕሮቲን ክሪስታል የሚገኘውን ደመና መሳይ ካርታ ኮምፒውተር ላይ እያየች፣ የፕሮቲኑን አተሞች ደመናው ባሳየው ቦታ እያስቀመጠች ሞዴሉን መሥራት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት እዚያችው መስኮት ሥር ተቀምጣለች።

ያን ሰሞን የያዘችው የአንድ ጥገኛ ተውሳክ ፕሮቲን ነበር። ሥራው ሊያልቅ፣ ፕሮቲኑ ከተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ሠላሳ ሰባት ቀሩ፤ ግንዳቸው ተሠርቶ የጎን ክንዳቸው የጎደለ። ፕሮግራሙ እንዲህ ያሉትን በአንድ ትእዛዝ ይሞላል። ተጫነችው፤ ክንዶቹ ብቅ ብቅ አሉ። ከዚያ እንደ ልማዷ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሠላሳ ስድስቱ ደመናው ውስጥ ልክክ ብለዋል። አንዱ ግን፣ መድኃኒት ያርፍበታል በተባለው ጉድጓድ አፍ ላይ ያለው፣ ምንም ደመና በሌለበት ተዘርግቷል። ብታዞረው፣ ብታጥፈው፣ ያው ነው።

«ይሄንን ላውጣው» አለችው አለቃዋን። «ክንዱ መኖሩን እናውቃለን፤ የት እንደሚውል ግን አይታይም።»

አለቃዋ ኮቱን እየለበሰ ነበር። «ፕሮግራሙ አስቀምጦት የለ እንዴ? ጎዶሎ ሞዴል ማን ያያል? ይሂድ።»

«ዶክተር፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው እኮ!»

ሳቀላት። ተረቱን ወደደው እንጂ ሐሳቡን አልለወጠም። ሞዴሉ ሁሉም ወደሚጠቀምበት የጋራ ማኅደር ሄደ። እሷም ፋይሉ ግርጌ «ይህ ክንድ በደመናው አልታየም» የሚል ማስታወሻ ጻፈች፤ ማስታወሻ ማን አንብቦ።

ከስምንት ወር በኋላ ሦስተኛ ፎቅ የሚሠራው ኬሚስት ደረጃው ላይ አገኛት። ፊቱ በደስታ በርቷል።

«እህት ዓለም፣ እዪልኝ!» ብሎ ሥዕሉን ዘረጋላት። የቀመመው መድኃኒት ያንኑ ክንድ ጫፉ ላይ ጨብጦ ይዟል።

ክንዱ ደመና በሌለበት የተቀመጠ መሆኑን እየተንተባተበች ነገረችው።

«ስምንት ወር ከለፋሁ በኋላ?»

«በሱ እንደምትሠራ አሁን ገና ማወቄ ነው።»

ኬሚስቱ እየበረረ ወደ አለቃዋ ሄደ። የተነገረው ግን «ሞዴሉ ተፈትሿል፣ ቀጥል» የሚል ነበር። ምን ያድርግ፣ ቀጠለ። እሷም ሁለት ጊዜ ለኃላፊዎች ጻፈች፤ መልስ የለም። ከዚያ ወዲያ ከኬሚስቱ ጋር በደረጃው ሲተላለፉ አንገቷን ትደፋለች።

መድኃኒቱ በፕሮቲኑ ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ሲመጣ፣ ጨርሶ አልያዘውም። የኬሚስቱ ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። የሄደ ቀን መጽሐፎቹን የሞላበትን ካርቶን አንዱን ጫፍ ይዛ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘችው።

«አንቺማ ምን ታደርጊ» አላት፣ ሳያያት።

አውቶቡሱ መጣ። ካርቶኑን በኋላ በር አቀበለችው፣ በሩም ተዘጋ።