ለሊሴ መታመሟን ሃያ አንዳችንም እናውቅ ነበር

"እውነት ነው እንዴ?"

ከጠዋት ጀምሮ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። እኔም አከራይዋ በለሊሴ ስልክ ደውለው ሲነግሩኝ ያልኩት እሱኑ ነው። ዘጋሁትና መልሼ ደወልኩ፤ ራሷ ታነሳለች ብዬ።

እውነት ነው። ለሊሴ ዛሬ ንጋት ላይ ሆስፒታል ውስጥ አርፋለች። ወባ ነው።

ለማታውቋት፣ የሱሉልታ ልጅ ናት። ሰበታ ፋብሪካ ተቀጥራ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖር ነበር። ባለፈው ወር ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ተሰባስበን የቴፒን ጫካ ልናይ ከሄድነው ሃያ ሁለት ልጆች አንዷ ናት።

እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ከተመረቅኩ ወዲህ ሥራ እንጂ ወሬ አጥቼ አላውቅም። ካሜራ ፊት ቆሜ ዛፍ ያለ ወፍ፣ ወፍ ያለ ዛፍ፣ ሰውም ያለ ሰው እንደማይኖር ስሰብክ፣ ሌሎቹ ወንዙን እያቋረጡ ሻንጣ ይቀባበሉ ነበር። ለሊሴ ውሃው ጉልበቷ ድረስ ደርሶ፣ "ፓስተር፣ አሁን ና ቦርሳ ተቀበል" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ንግግር ባበዛሁ ቁጥር መልሷ እሱ ብቻ ሆነ። ቦርሳ ተቀበል።

በማግስቱ አስጎብኚያችን አንድ ግዙፍ ዛፍ አሳየን። ወፍ ከጣለችው ፍሬ ሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላል፤ ሥሩን ወደ ታች እየለቀቀ ያኛውን ዙሪያውን ያቅፈዋል። የታቀፈው ቀስ እያለ እዚያው ውስጥ ይሞታል። እኛ እንዴት ተቃቅፈዋል እያልን ፎቶ ተነሳን። እሷ እጇን በክፍተቱ ሰዳ የበሰበሰ እንጨት ዘግና አወጣች።

"የውስጠኛውንስ ማን ጠየቀው?"

ሳቅንባት።

ከተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ግሩፓችን ላይ ጻፈች። ትኩሳት ይዟታል፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ክሊኒክ ሄዳ ታይፎይድ ነው ብለዋታል። ማርያም ትማርሽ፣ አላህ ያሽርሽ፣ ጌታ ይፈውስሽ ተባለ። እኔ የጸሎት እጅ ኢሞጂ ላክሁ።

ሰበታ ደጋ ነው፤ ትኩሳት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ታይፎይድ ነው። ከቆላ መምጣትሽን ነግረሻቸዋል ወይ ብሎ የጠየቃት ከመካከላችን አንድም የለም። አብሯት የሄደም የለም። እኔ ከቡራዩ ታክሲ መቀያየሩ ታከተኝና የሰበታዎቹ ያዩዋታል አልኩ። የሰበታዎቹ ቤተሰቦቿ መጥተው ይሆናል አሉ። ለአባቷ ደግሞ ጓደኞቼ አሉ፣ አትልፉ ብላቸው ነበር።

ራሷን ስታ ያገኟት አከራይዋ ናቸው። ሆስፒታል ደሟ ሲታይ ወባው ጭንቅላቷ ደርሷል።

ረፋድ ላይ ሱሉልታ ወጣን። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ አልጮሁም። ኢጆሌ እያሉ ተቀበሉን፣ የወለዷቸው ልጆች እንደሆንን ሁሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ስንት ሆናችሁ ነበር የሄዳችሁት?"

"ሃያ ሁለት።"

 ጎረቤቶቻቸውን ወንበር ስጡት አሏቸው። መቀመጥ አቃተኝ።

ለሊሴ፣ መታመምሽን ነግረሽን ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ ነበረብሽ? ይቅርታ ለመጠየቅም አረፈድኩ። ደህና ሁኚ እህቴ።

አብረን የሄድን ልጆች፣ ሁለታችሁ ትናንት ራስ ምታት አለን ብላችሁ ጽፋችኋል። ዛሬውኑ ደማችሁን አስመርምሩ፤ ቴፒ ነበርን ብላችሁ ንገሯቸው። የቀራችሁትም ተመርመሩና እዚህ ከታች ጻፉልኝ። ያልጻፈውን ሰው ቤት አፈላልጌ ነገ ጠዋት ደጁ ላይ እቆማለሁ።