የቀደድኩት ወረቀት

ነገሩ ከተፈጸመ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ጸሎት ላይ ቆሜ እንኳ ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ትውልዴ ጎጃም ነው። ዲላ የመጣሁት ለሥራ ሲሆን፣ በአንድ የእናቶች ጤና ፕሮጀክት ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ እመዘግብ ነበር። የተሰጠን እስክሪብቶ ካሜራ አለው። በልዩ ቅጽ ላይ የጻፍነውን እያነበበ ወደያዝነው ሞባይል፣ ሞባይሉ ደግሞ ወደ ቢሮ ይልካል። የሥልጠናው የመጨረሻ ቀን የማርያም በዓል ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ቆይቼ አርፍጄ ገባሁ። የተላከ ቅጽ እንዴት እንደሚሰረዝ የተነገረው ያኔ አመለጠኝ።

ገደብ ከተማ አካባቢ አንዲት የአራት ልጆች እናት መዘገብኩ። ታደለች እንበላት። የወሊድ መከላከያ መርፌ እንደምትወስድ ነገረችኝ። ስልክ ስላልነበራት የባሏን ቁጥር ሰጠችኝ። ጽፌ ከታች «ጨርሻለሁ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት እንዳደረግኩ ደነገጠች።

«በዚህ ስልክ ልትደውሉ ነው እንዴ? እህቴ፣ እሱ እኮ አያውቅም! ካወቀ ያባርረኛል።»

ወረቀቱን ፊቷ ቀደድኩት። «በቃ ጠፋ። ማርያምን፣ ማንም አያየውም!»

«ኧረ አትማይ፣ አምኜሻለሁ» አለችኝ እየሳቀች። ፕሮቴስታንት ስለሆነች መሐላ አትወድም። ቁርጥራጩን ተቀብላኝ እሳት ውስጥ ጨመረችው።

ከሁለት ወር በኋላ ቢሮ ውስጥ የተላኩ የቀጠሮ መልእክቶችን ሳይ ስሟን አገኘሁት። እስክሪብቶው ሳጥኗ ላይ ምልክት እንዳደረግኩ፣ ወረቀቱን ከመቅደዴ በፊት ልኮት ኖሯል። «የመርፌ ቀጠሮዎ ነገ ነው» የሚለው መልእክት ባሏ ስልክ ላይ ገብቷል።

በማግስቱ እውነቱን ልነግራት ገደብ ሄድኩ። አባቷ ቤት አገኘኋት፤ ትንሿን ልጅ ብቻ ይዛለች።

«‹ሁሉን ሰምቻለሁ› ብሎ አስወጣኝ። አልማዝ ናት የነገረችው፤ አብራኝ መርፌ የምትሄደው ጎረቤቴ። ሌላ ማን ያውቃል? ዓይኗን ማየት አልፈልግም» አለችና እጄን ያዘችኝ። «አንቺ ባዕዷ እንኳ ምስጢሬን ጠበቅሽልኝ።»

«አይዞሽ» ብቻ ብያት ተመለስኩ።

በሐሰት መማሌን ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ቀኖናዬን ሰጥተው «ለሴትየዋም ንገሪያት» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው። ጾሙንም ስግደቱንም ፈጸምኩ፤ እሷ ዘንድ ግን አልሄድኩም።

ባልና ሚስቱን ሽማግሌ እንዳስታረቃቸው በኋላ ሰማሁ። ታደለችና አልማዝ ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊት ይዟዟራሉ አሉ። ሽማግሌ ቢሰበሰብ እነሱን አያስታርቅም፤ አልማዝ ምንም እንዳላደረገች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።