የቃኚው ሁለት ጆሮዎች

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ቃኚው ነው የሚሉት። ከሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሠላሳውን ያሳለፈው አንደኛ ፎቅ ላይ ባለች፣ መስኮቷ መንገዱን በምታይ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ጊታር ሲፈታና ሲገጥም ነው። ክፍሏ በስስ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ለሁለት ተከፍላለች። ከወዲያ በኩል ታላቅ እህቱ ልብስ ትሰፋለች። እሱ ሞረዱን ሲያስጮህ እሷ በስፌት መኪናዋ ትመልስለታለች፤ ሰው ከጠየቃቸው ግን ሁለቱም «እኔ ምን ድምፅ አለኝ፣ የሚያስቸግረው እዚያ ማዶ ያለው ነው» ባዮች ናቸው።

ቃኚው ክፉ ሰው አይደለም። ጉረኛ ግን ነው። መቃኛ ማሽን የያዘ ወጣት በሩ ላይ ብቅ ካለ፣ «ምነው፣ ጆሮህን ቤት ረስተኸው መጣህ?» ይለዋል። ወጣቱም አፍሮ ማሽኑን ኪሱ ይከታል። ይህን ቀልድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደቀለደው እሱ ራሱ አያውቅም።

ከስድስት ወር ወዲህ ቀልዱን ትቶታል። አንድ ጠዋት የአንዱን ጊታር ክር መትቶ ግራ ጆሮውን ሲያስጠጋ አንድ ድምፅ ሰማ፤ ቀኙን ሲያስጠጋ ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ሌላ ድምፅ ሰማ። ክሩ አንድ ነው። ደግሞ መታው፣ ያው ነው። ጆሮውን ጠረገ፣ ጠብታ ገዝቶ ጨመረ፣ ፀለየም። የትኛው ጆሮ እንደሚዋሸው ማወቅ አልቻለም። ለእህቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም፤ ጆሮው የታመመ ቃኚ ዘንድ ጊታሩን ይዞ የሚመጣ ማን ሞኝ አለ? ከዚያ በኋላ ጆሮ የማይጠይቅ ሥራ ብቻ ይቀበል ጀመር። የላላ ቁልፍ ያጠብቃል፣ የተቆረጠ ሽቦ ይበይዳል፣ የተሰነጠቀ እንጨት ያጣብቃል። ሌላውን «ሥራ በዝቶብኛል» እያለ ይመልሳል። ማታ ሲተኛም፣ ጠዋት ሲነሳም ፍርሃቱ አብሮት ነው።

ሽማግሌው ጊታረኛ ሲመጡ ግን እምቢ የሚልበት አፍ አጣ። ገና ጀማሪ ሳለ ደንበኛ ሁሉ ይዘውለት የመጡት እሳቸው ናቸው። ይዘውት የመጡት ያንን ደረቱ እንደ ትራስ ጉብ ያለ አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታራቸውን ነው። ከጭራው በኩል ስድስቱን ክሮች ጠርቅሞ የሚይዘው ብረት ማጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ፣ ዛሬ ነገ ልበጠስ ይላል።

«ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት መድረክ አለብኝ። አዳራሹ ሙሉ ነው አሉ» አሉት። «ዘጠኝ ሰዓት መጥቼ ብወስደው?»

«ይድረሱ፣ ጋሼ። ብረት ነው፣ ምን አላት!»

እውነትም ብረት ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ስድስቱንም ክሮች ፈታ፣ ብረቱን በካቻቪቴ አወለቀ፣ ከብረቱ ጋር የተያያዘችውን ቀጭን ሽቦ በጥንቃቄ ለየ። ከነሐስ ቁራጭ አዲስ ማጠፊያ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ ቀዳዳውን በስቶ ገጠመ። እጁ እንደ ድሮው ነው። ደስ ብሎት የጊታሩን ደረት በጨርቅ እስኪያብለጨልጭ ወለወለው።

ወዲያው ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ካለችው እንጨት ላይ አረፈ።

ክሮቹ የሚሻገሩባት ያቺ እንጨት ብሪጅ ትባላለች። በእንዲህ ዓይነቱ ጊታር ላይ በሙጫም በብሎንም አትያዝም፤ የሚይዛት የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ሌላ ሠራተኛ ክሮቹን ከመፍታቱ በፊት ዙሪያዋን በእርሳስ ያሰምራል። ቃኚው በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አስምሮ አያውቅም። እርሳስ ጆሮ ለሌለው ነው ይል ነበር፤ በጆሮው በሁለት ደቂቃ ቦታዋን ያገኛታል። ዛሬም እጁ በልማዱ ሄደ። በእግሮቿ ዙሪያ የተጠራቀመው አቧራ እንኳ ቦታዋን ያሳየው ነበር፤ እሱንም አሁን በገዛ እጁ ወልውሎ አጠፋው።

ክው አለ።

ሜትር አወጣና ለካ። ሜትር ደጃፍ ድረስ ያደርሳል እንጂ ቤት አያስገባም፤ የቀረችዋን የጥፍር ውፍረት የምታህል ነገር የሚጨርሳት ጆሮ ነው። ክሩን ባዶውን ይመታል፤ ቀጥሎ በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አሥራ ሁለተኛው ላይ ተጭኖ ይመታል፤ ሁለቱ ድምፆች እንደ ታላቅና ታናሽ መመሳሰል አለባቸው። በግራ ጆሮው አስተካከለ። በቀኙ ሲያዳምጠው ተበላሽቶ አገኘው። በቀኙ አስተካክሎ ወደ ግራው ሲመለስ ደግሞ ያው ሆነ። ሲያላግጥበት የኖረው መቃኛ ማሽን እንኳ ቤቱ የለም። ላብ አጠመቀው። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነው።

«ምን ሆነህ ነው አንድ ክር ስትቆረቁር የዋልከው?» አለች እህቱ ከኮምፖርሳቶው ወዲያ።

«ሥራሽን ሥሪ!»

በመጨረሻ የተጣሉ ሁለት ሰዎችን እንደሚያስታርቅ እንጨቷን መሀል ላይ አደረጋት።

ሽማግሌው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ። ጊታሩን ከትንሿ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝተው ተቀመጡና ከታች እስከ ላይ ተጫወቱት። ቃኚው ዓይኑን ከፊታቸው አልነቀለም። አሁን ያኮርፋሉ፣ አሁን ይቆጣሉ ሲል፣ ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«እጅህ ይባረክ። እንዲያውም ከድሮው በለጠ!»

መርቀውት ወጡ። ቃኚው እፎይ ብሎ ግንባሩን ጠረገ። እህቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች ብቅ አለች።

«ሽማግሌው ምነው እንደዚያ እያጣመሙት ዝም አልካቸው?»

«ማን አጣመመ?»

«ጊታሩ ነዋ። ታች ታች ሲሉ ደህና ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግን ጥርሴን ነው ያመመኝ።»

«እሳቸው ከድሮው በለጠ ብለዋል።»

«እንግዲያ አልሰሙም» አለችና የወደቀ መርፌዋን ልትፈልግ ጎንበስ አለች።

ቃኚው ያኔ ገባው። አምሳ ዓመት ሙሉ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ የቆሙ ሰው! እሳቸውም አይሰሙም ማለት ነው። ማታ በሞላ አዳራሽ ፊት ይህንኑ ይጫወታሉ። ሰውም ሽማግሌው አለቀላቸው ይላል እንጂ ቃኚውን ማንም አይወቅስም። ዝም ካለ ይተርፋል። ይህ አሳብ ሲመጣለት፣ ከመደንቆሩ ይልቅ ዝም ሊል መቻሉ አስፈራው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

ሽማግሌው አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይመለሱ። ጊታሩ አልተስተካከለም።»

«ሰማሁት እኮ፣ ልጄ።»

«አልተስተካከለም። ጆሮዬ ታሟል፣ ጋሼ። ግራና ቀኜ ተጣልተውብኛል። እንዲሁ ገምቼ ነው የገጠምኩት።»

ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መሰለ። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተና ማንንም ሳይጭን ሄደ።

«ስለ እኔ ማን ነገረህ?» አሉ በሹክሹክታ። «ቤቴ እንኳ የሚያውቅ የለም። ጣቶቼ መንገዱን ስለሚያውቁት ነው እስካሁን ያልተያዝኩት።»

ተያይዘው ደረጃውን ወጡ። እህቱን ከስፌት መኪናዋ አስነስተው መሀላቸው አስቀመጧት። መጀመሪያ «አብዳችኋል፣ እኔ ስለ ጊታር ምን አውቃለሁ?» አለች። ቀጥላ የሁለቱን ፊት አየችና ጆሮዋን ወደ ጊታሩ አስጠጋች። ሽማግሌው ክሩን ይመታሉ፣ ቃኚው እንጨቷን በአውራ ጣቱ ይገፋል።

«ገና ነው» ትላለች። «አሁንም ገና። ኧረ አለፍከው፣ መልሰው። ጥቂት… በቃ! እሱ ነው።»

ሽማግሌው መቱት። ባዶውን፣ ቀጥሎ ተጭነው። ቃኚው ግራውን አስጠጋ፣ ቀኙን አስጠጋ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«መስተካከሉ ለየልህ?»

«አልለየልኝም፣ ጋሼ።»

«እኔም» አሉና እህቱን መርቀው፣ ጊታሩን ለማታው መድረክ ወደ ሣጥኑ መለሱ።